ሞገል ላይ በስኖውቦርድ ስትወርዱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ልጆች፣ ብሉ (መካከለኛ ደረጃ ቁልቁለት) ላይ ደህና መውረድ ከጀመራችሁ መቼም ዊንተር ፓርክ የስኪ ቦታ ሄዳችሁ ሜሪ ጄን የሚባለውን ክፍል ሞገል ሳትሞክሩ አትቀሩም። ሞገል ማለት ሰው ሁሉ እዛው እዛው ቦታ ላይ ሲታጠፍ በረዶው እየተገፋ የሚሰራው ጉብታ ነው፣ ማሽን ካልደለደለው እያደገ ይሄዳል። እዛ የሚሰራው ስህተት ብዙ ነው፣ ግን አብዛኛው የሚመጣው ከፍርሃት ነው።

ዋናው ወደ ኋላ መንጋለል ነው። ቁልቁለቱን ስታዩ ሳታውቁት ክብደታችሁን ኋለኛው እግር ላይ ትጥላላችሁ፣ ፍጥነት የምትቀንሱ ይመስላችኋል፣ ግን ፊተኛው ጫፍ ላይ ክብደት ከሌለ ቦርዱ አይታዘዝም፣ ከዛ በኋለኛው እግር እየገፋችሁ ለማዞር ስትታገሉ ከስራችሁ ያመልጥና በቂጣችሁ ቁጭ። የፊተኛውን ጉልበት አጠፍ፣ ትከሻ ወደ ቁልቁለቱ። ያስፈራል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

እግር ማድረቅም ያው ነው። ጉብታው ላይ ስትወጡ ጉልበት ይታጠፋል፣ ወደ ጉድጓዱ ስትወርዱ ይዘረጋል፣ ኮረኮንች ላይ እንዳለ የመኪና ባሌስትራ። ገትራችሁ ከያዛችሁት አንዱን ብታልፉ ቀጣዩ ያነሳችኋል።

ሌላው የስኪ ሰዎችን መስመር መከተል ነው፣ እነሱ በጉድጓዱ መሀል ታክ ታክ ታክ እያሉ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፣ እናንተ ግን አንድ ሰፊ ቦርድ ላይ በጎን ነው የቆማችሁት ስለዚህ አፍንጫው ቀጣዩ ጉብታ ላይ ይሰካል። ጉብታው አናት ላይ ታጠፉ፣ እዛ ሁለቱም ጫፍ አየር ላይ ስለሚሆን በቀላሉ ይዞራል። ፍሬን ደግሞ በጉብታው ጀርባ (ወደ ቁልቁል በሚያየው ጎን) አትያዙ! ሁሉም ሰው ያንን ጎን እየፋቀ በረዶውን ከስር ወዳለው ጉብታ ፊት ነው የሚከምረው (የሚገርመው በዚህ ምክንያት ሞገሎቹ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ነው የሚሄዱት)፣ ስለዚህ ጀርባው ጠጣር ነው፣ ሸርተት ብላችሁ እለፉትና ለስላሳው ክምር ላይ ኤጅ (የቦርዱን ጠርዝ) ያዙ።

አይን እግር ስር አይሁን፣ ሁለት ሶስት ጉብታ ቀድማችሁ እዩ። ማርች አፕሪል ላይ ደግሞ ጠዋት ቸኩላችሁ አትግቡ፣ ሌሊት የቀዘቀዘው ድንጋይ ነው፣ ፀሐይ ትንሽ ትምታው።

ሲደክማችሁ ጉድጓዱ ውስጥ አትቀመጡ፣ ከላይ የሚመጣው ሰው ጭራሽ አያያችሁም፣ እየተንሸራተታችሁ ወደ ዳር ውጡና እዛ እረፉ።