በቆሎ እሸቱን ከነሽፋኑ ጥበሱት

ሐዋሳ ላይ የክረምት ዝናብ ቅዳሜ ከሰዓት ከያዘ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ትኩስ እሸት እንደ መጋጥ የሚጥም ነገር የለም። ችግሩ ላዩ ያርርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

መላው ይኸውና፦ የላይ የላዩን ሽፋን ልጣችሁ ከውስጥ ሁለት ሦስት ስስ ንብርብር ተዉለት። ፍሙ ላይ እያገላበጣችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት። ሽፋኑ ጠቁሮ የፍሬው ረድፍ ጎላ ብሎ ሲታይ ገፋችሁ ጣሉትና፣ ፍሬው ቀላ እስኪል ብቻ ወደ ፍሙ መልሱት። እርጥቡ ሽፋን እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውስጡ ቀድሞ ይበስላል። ጸጉሩም አብሮ ይላቀቃል።

ለጠነከረ በቆሎ ግን አይሆንም፤ እሱን ቀቅሉት። ደግሞ ዝናብ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ ቤት አስገብታችሁ በር እንዳትዘጉ። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል።