የክትትል ጉድጓዱ ውጤት ግራ ሲያጋባ፦ ነዳጅ የገባበት የማደያ ከርሰ ምድር ውሃ፣ ችግርና መፍትሄ

ታንከሩ ያፈስ ነበር፤ ተቀየረ። ግቢው ውስጥ ሦስት አራት የክትትል ጉድጓድ ተቆፈረ። በየሦስት ወሩ ናሙና ይወሰዳል። ውጤቱ ግን አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ያሻቅባል። ባለማደያው «ታዲያ ጸዳ ወይስ አልጸዳም?» ይላል። ከማደያው በታች ደግሞ የጉድጓድ ውሃ የሚቀዱ ጎረቤቶች አሉ። መልሱ በግምት የሚሰጥ አይደለም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንለይ። ቤንዚን መኪና ላይ የምንሞላው ነው። ቤንዜን ደግሞ በውስጡ ካሉት ኬሚካሎች አንዱ ነው፤ ካንሰር ያመጣል። የላብራቶሪው ወረቀት ላይ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። አሜሪካ ውስጥ 5 ነው። ማይክሮግራም ማለት የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ሲለካ የጓንት እድፍ እንኳ ውጤት ያበላሻል።

ምልክት፦ ክረምት ላይ «የለም» የተባለው ነዳጅ በጋ ላይ ተንሳፍፎ ተገኘ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ ንጹሕ ይመስላል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጥር ላይ ቤይለሩን፣ ማለትም ከጉድጓዱ ናሙና የሚቀዳበትን ቱቦ፣ አውርደው ሲያወጡት ከውሃው በላይ ሁለት ጣት የሚሆን ቢጫ ናፍጣ ቆሟል። «አዲስ ፍሳሽ ነው!» ተብሎ ግርግር ይነሳል።

ብዙ ጊዜ አዲስ ፍሳሽ የለም። ቤንዚንም ናፍጣም ከውሃ ይቀላሉ። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት 740 ግራም አካባቢ ነው፣ የናፍጣው 840 አካባቢ። ስለዚህ ወደ ታች ሰርገው ውሃው ላይ ሲደርሱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋሉ። ክረምት ሲገባ ውሃው ከፍ ይላል፤ ነዳጁ አፈሩ ውስጥ እንደተያዘ ውሃ ይውጠዋል። ወደ ጉድጓዱ አይመጣም እንጂ የትም አልሄደም። በጋ ላይ ውሃው ሲወርድ አፈሩ ነዳጁን ይለቀዋል።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። የጉድጓዱ ስክሪን፣ ማለትም ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ያለው ቧንቧ፣ አጭር ከሆነ ክረምት ላይ ውሃው ከስክሪኑ በላይ ይሆናል። ያኔ የተንሳፈፈው ነዳጅ መግቢያ ያጣል። ይህ የሚታወቀው የቁፋሮውን መዝገብ ከውሃው ጥልቀት ጋር በማስተያየት ነው። መዝገቡ ከጠፋ ካሜራ ማውረድ ይቻላል። ስክሪኑ በክረምትም በበጋም የውሃውን ወለል ካላካተተ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ግድ ነው፤ ማምለጫ የለውም።

መፍትሄው፦ ናሙና በተወሰደ ቁጥር የውሃውን ጥልቀት ለኩ። ሁልጊዜ ከኬዚንጉ (ጉድጓዱን ከሚደግፈው ቧንቧ) አፍ ላይ ከአንድ ቦታ ለኩ። ቦታውን በማርከር ሳይሆን በመጋዝ ጫር አድርጉት፤ አንዳንድ ማርከር ራሱ ዛይሊን አለበት፤ እሱም እንደ ቤንዜን ሁሉ ከምንፈልጋቸው የነዳጅ ኬሚካሎች አንዱ ነው። ከዚያ የውሃውን ከፍታና የቤንዜኑን መጠን በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጡ። ሐምሌን ከሐምሌ፣ ጥርን ከጥር ጋር አወዳድሩ። የአንድ ክረምት ውጤት ይዞ «ጸድቷል» ብሎ የሚፈርም ሰው ካያችሁ አትቀበሉት።

ጉድጓዱ ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር ነዳጅ ታየ ማለት አፈሩ ውስጥም 40 አለ ማለት አይደለም። በተለይ እንደ ዋልካ ባለ ደቃቅ አፈር ውስጥ የጉድጓዱ ውፍረት አጋንኖ ያሳያል።

ምልክት፦ ውሃው ወደ ሽቅብ የሚፈስ ይመስላል

የነዳጁ ክብደት ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ ነዳጅ ያለበት ጉድጓድ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል። ማስተካከያው ቀላል ነው። ነዳጁ 6.20 ሜትር ላይ ተገኘ እንበል፣ ውሃው 6.60 ላይ። ውፍረቱ 0.40 ነው። ናፍጣ ከሆነ በ0.85 (ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት በግምት) አባዙት፣ 0.34 ይመጣል። ከ6.60 ሲቀነስ 6.26 ይሆናል። ትክክለኛው የውሃ ጥልቀት ይሄ ነው። ሁሉንም ጉድጓድ በአንድ ቀን ለኩ። ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ያስፈልጋል፣ ያውም በአንድ መስመር ያልተደረደሩ።

ምልክት፦ ጉድጓዱ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፣ ላብራቶሪው ግን «ምንም» ይላል

ቤንዜን ተንኗል። ናሙናው ከፍ ተደርጎ ተንቧቧ፣ ወይም ጠርሙሱ በግማሽ ተሞላ፣ ወይም መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ዋለ። የሚያስፈልገው አሲድ ያለበት 40 ሚሊ ሊትር የመስታወት ጠርሙስ ነው። በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል ቀስ አድርጋችሁ ሙሉት። ውሃው ከአፉ ትንሽ ጉብ ሲል አቁሙ፤ ከፈሰሰ አሲዱም አብሮ ይፈሳል። ክዳኑን ግጠሙና ገልብጣችሁ በጣት መታ መታ አድርጉት። አረፋ ወደ ላይ ከወጣ ሌላ ጠርሙስ ሙሉ። ወዲያው በረዶ ላይ። ላብራቶሪው በ14 ቀን ውስጥ መርምሮ መጨረስ አለበት።

ምልክት፦ ከታንከሩ ሽቅብ ያለው ንጹሕ ጉድጓድ ነዳጅ አሳየ

በመጀመሪያ እጃችሁን ጠርጥሩ። ጀነሬተሩን ነዳጅ የሞላ ጓንት ነው? ጭሱ ወደ ጉድጓዱ ይነፍስ ነበር? ገመዱ ከቆሸሸው ጉድጓድ የመጣ ነው? ሁልጊዜ ከንጹሑ ጀምራችሁ በቆሸሸው ጨርሱ። በየጉድጓዱ ጓንት ለውጡ። ከላብራቶሪ በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ የመጣ አንድ ጠርሙስ ሳይከፈት ከናሙናዎቹ ጋር ይመለስ። እሱም ነዳጅ ካሳየ ብክለቱ የመጣው ከመንገድ ወይም ከሳጥኑ ነው።

ምልክት፦ ውሃው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም

በእንጨት ንኩት። እንደ ስባሪ መስታወት ተቆራርጦ ከቀረ የባክቴሪያ ሽፋን ነው። ተመልሶ ከተገናኘ ነዳጅ ነው።

ምልክት፦ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ

ባክቴሪያዎቹ ነዳጁን እየበሉ ነው። ኦክስጅኑን ጨርሰው ውሃው ውስጥ ያለው ሰልፌት (የድኝ ውህድ) ላይ ደርሰዋል፤ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ተፈጥሮ እየሠራች ነው፤ ክትትሉን ግን አታቁሙ።

ምልክት፦ ወቅቱ ሳይቀየር ውጤቱ በድንገት ብዙ እጥፍ ሆነ

አሁን እውነትም ፍሳሽ ሊሆን ይችላል። የታንከሩን ዲፕስቲክ (የነዳጁ ከፍታ የሚለካበት ዘንግ) ንባብ ከሽያጩ ጋር አስተያዩ። ዲፕስቲኩ ጫፍ ላይ የውሃ ማሳያ ቅባት ቀቡ። የከርሰ ምድር ውሃው ከታንከሩ ወለል በላይ በሆነበት ቦታ ቀዳዳው ነዳጅ ብቻ አያስወጣም፣ ውሃም ያስገባል፤ ቅባቱ ቀለሙን ይቀይራል። የታንከሩንና የቧንቧውን የጥብቀት ፍተሻ አስደርጉ። እስከዚያ ከዚያ ታንከር አትሽጡ። የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በዚያው ቀን አሳውቁ። ግን ከሁሉም በፊት ከማደያው በታች ያሉትን ቤቶች አንኳኩ። የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ከጉድጓዳቸው እንዳይጠጡ ንገሯቸው፤ ውሃ በቦቴ አምጡላቸው።