የሥነ ፈለክ መታሰቢያ ሳንቲሞችን የሚሰበስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

የሥነ ፈለክን ታሪክ የሚዘክሩ ሳንቲሞችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ጀማሪዎች ስብስባቸውን እያመጡ አሳይተውኛል። አብዛኞቹ ስህተቶች በቀላሉ የሚታረሙ በመሆናቸው አያስቆጡኝም፤ አንደኛውን ግን ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሳንቲም አይወለወልም። በጥርስ ሳሙና አይታሽም፣ በሎሚ አይነከርም፣ በብር መወልወያ ጨርቅም ቢሆን አይጠረግም። ብር በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውህድ ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፤ ይህ የዕድሜው ምልክት እንጂ እድፍ አይደለም፤ እኩል ሆኖ የወረደ ጥቁረት ያለበትን ሳንቲም ከተወለወለው አስበልጠው የሚገዙ ሰብሳቢዎችም ጥቂት አይደሉም። ሳንቲሙ ሲታሽ ግን የሚነሳው ጥቁረቱ ብቻ ሳይሆን የፊቱ የላይኛው ገጽ ጭምር ነው፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይም አንድ አቅጣጫ የያዙ ጭረቶች ወዲያውኑ ይለያሉ። ፕሩፍ በሚባለው፣ እንደ መስታወት በሚያንጸባርቀው ዓይነት ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ማሸት ብቻውን ዋጋውን ይገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድነው ነገር የለም።

ይህን የምናገረው ራሴ ከፍዬበት ነው። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፉን የሥነ ፈለክ ዓመት ምክንያት በማድረግ ያወጣችው የ25 ዩሮ ሳንቲም ዙሪያው ብር፣ መካከሉ ኒዮቢየም የተባለ ብረት ነው። በመካከሉ የሚታየው ኅብር የተቀባ ቀለም አይደለም፤ በኤሌክትሪክ አማካይነት በብረቱ ላይ እንዲፈጠር የተደረገ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ከብርሃን ጋር ሲገናኝ የሚያሳየው ነው፣ የሽፋኑ ውፍረትም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ አንድ የጣት አሻራ አስለቅቃለሁ ብዬ በመወልወያ አሸሁት። አሻራው ለቀቀ፤ ቀለሙም አብሮት ለቀቀ። ሳንቲሙን ዛሬም ድረስ ለጀማሪዎች ማሳያ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። አሻራው ከመጀመሪያው እንዳያርፍ ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ መያዝ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት አንድን ሥዕል አይቶ ብረቱን መገመት ነው። ፖላንድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪውን የኮፐርኒከስን ምስል እ.ኤ.አ. በ1959 በመገበያያነት ባወጣችው የ10 ዝሎቲ ሳንቲም ላይም፣ የተወለደበትን 500ኛ ዓመት ለማክበር በ1973 ባወጣችው የ100 ዝሎቲ ሳንቲም ላይም አትማለች፤ የመጀመሪያው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ሲሆን ሁለተኛው ብር ነው። ማግኔት አስጠግቶ «አልሳበውምና ብር ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ይሁንና ይህ የመዳብና የኒኬል ቅይጥም በማግኔት አይሳብም። የሚያስተማምነው ክብደቱንና ስፋቱን ለክቶ በካታሎግ ላይ ከሰፈረው ጋር ማመሳከር ነው። ብር ሲባልም ሁልጊዜ ንጹሕ ብር ማለት አይደለም፤ ምዕራብ ጀርመን በ1971 ለሌላው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ለኬፕለር 400ኛ የልደት ዓመት ያወጣችው የ5 ማርክ ሳንቲም 11.2 ግራም ይመዝናል፣ ከዚህ ውስጥ ብሩ 7 ግራም ብቻ ነው። (በነገራችን ላይ የስበትን ሕግ የቀመረው ኒውተን ከ1696 ጀምሮ በእንግሊዝ መንግሥት የሳንቲም ማምረቻ ቤት ሲሠራ ሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪዎችን ያሳድድ ነበር፤ ኮፐርኒከስም ስለ ገንዘብ ጥራት መርከስ ጽፏል። ሚዛን የማይወዱ ሰብሳቢዎች እነዚህን ሁለት ሰዎች ቢያስቧቸው ደስ ይለኛል።)

የመታሰቢያውን ዓመትና ሳንቲሙ የተመታበትን ዓመት ማምታታትም የተለመደ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ100 ዝሎቲ ሳንቲም እ.ኤ.አ. በ1974ም ወጥቷል፤ ስለዚህ «1974» የሚል ያገኘ ሰው ስህተት ያለበት ብርቅ ነገር አገኘሁ ብሎ መሮጥ የለበትም።

ሜዳሊያን እንደ ሳንቲም መግዛት ሌላው ነው። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በ1986 ሲመለስ በግል ድርጅቶች የተሠሩ ብዙ ሜዳሊያዎች ተሽጠዋል። ያወጣው አገር ስምና የገንዘብ ዋጋ ካልተጻፈበት ሳንቲም ነው ለማለት ይከብዳል፤ ውበቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፒቪሲ ባለበት ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣል፣ ብረቱንም ይበላል።

በመጨረሻም፣ አሜሪካ በ2019 ሰውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ላሳረፈው የአፖሎ 11 ጉዞ 50ኛ ዓመት ያወጣቻቸው ሳንቲሞች ሆን ተብሎ በአንድ ወገን የጎደጎዱ፣ በሌላው ወገን ያበጡ ናቸው። አንድ ትጉህ ጀማሪ ይህን አላወቀም ነበርና ሳንቲሙ በመንገድ ተጣሞ የደረሰው መስሎት ለማቃናት ሦስት ከባድ መጻሕፍት ጭኖበት ሳምንት ቆየ። ሳንቲሙ እንደ ጎበጠ ቀረ፤ ከሥር የነበረው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ግን ክብ ስርጉድ ትቶ ተገኘ።