ከድሬዳዋ ተነስቶ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ለመጫወት

ከድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከከዚራም ከሳቢያንም፣ ወደ እኔ ልምምድ የሚመጡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ውጭ አገር እንዴት ልሂድ?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሴን ከልምምድ ሰዓት እጀምራለሁ። በድሬዳዋ ረፋዱ ላይ ሲሚንቶው ይግላል፤ ጎህ ሲቀድ ሜዳ ግባ፣ ፀሐይዋ ሳትከር ጨርስ። ውሃህን አትርሳ። ከሰዓቱን በጫት የሚያሳልፍ ተጫዋች አላሰልፍም፤ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

የሦስት ነጥብ መስመር በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሕግ 6.75 ሜትር ነው። የሰፈርህ ሜዳ መስመር ከጠፋ ከቅርጫቱ መሃል ትክክል ወለሉ ላይ ነጥብ ያዝ፣ በሜትር ለካ፣ በኖራ አስምር። በግምት የለመደ ክንድ ትልቅ ሜዳ ላይ ያጥርበታል።

ለክለብ አሰልጣኝ ቪዲዮ ስትልክ ያስቆጠርካቸውን ብቻ ለቅመህ አትላክ። እኔ ራሴ መጀመሪያ የማየው ኳስ ከተነጠቅህ በኋላ ወደ መከላከል እንዴት እንደምትመለስ ነው። ሙሉ ጨዋታውን ከፍ ካለ ቦታ አስቀርጽ፤ የማሊያህ ቁጥር ይታይ፤ ሙዚቃ አትጨምርበት፣ እባክህ።

ወደ ሌላ አገር ክለብ ለመዛወር ከብሔራዊ ፌዴሬሽን የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከ18 ዓመት በታች ከሆንክ ዝውውሩ ከልዩ ሁኔታ በስተቀር አይፈቀድም። «ወኪል ነኝ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅህን የፊባ ፈቃዱን አሳየኝ በለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ይዘጋል።

የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ በ2021 በኪጋሊ ተጀምሯል፤ የሚገባበት ግን ክለብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አገር ውስጥ ጠንካራ ክለብ ፈልግ። ክፍያው ቤት ኪራይህን ላይሸፍን ይችላልና የቀን ሥራህን አትልቀቅ፤ ፓስፖርትህንም ከአሁኑ አውጣ።