ቤት ውስጥ የበርገርና የሆት ዶግ ዳቦ ስትጋግሩ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ጥሩ የበርገር ዳቦ ሲነከስ አይጎትትም፣ የስጋውን ጭማቂ ሲጠጣም አይበጣጠስም። ቤት ውስጥ የሚጋገረው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ኦቨን ሳይገባ፣ ገና ሲቦካ ነው።

መነሻ እንዲሆነን ይህን ልኬት እንያዝ፦ 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 280 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 1 እንቁላል፣ 50 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 40 ግራም ስኳር፣ 9 ግራም ጨው፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ። 10 የበርገር ወይም 12 የሆት ዶግ ዳቦ ይወጣዋል።

ሊጡ አጣበቀ ብሎ ዱቄት መጨመር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ሳህኑንም አልለቅ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና አንድ እፍኝ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላ እፍኝ ይነሰንሳል። በዚህ ዓይነት 80 ግራም ከተጨመረ ሊጡ ሌላ ሊጥ ሆነ ማለት ነው። ዳቦው በወጣበት ሰዓት ምንም አይልም፤ በማግስቱ ግን ሲቆረጥ ይፈረፈራል።

ዱቄቱን ተዉትና ሊጡን ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት። ዱቄቱ እርጥበቱን ስለሚጠጣ ተመልሳችሁ ስታሹት በጣም ተሻሽሎ ታገኙታላችሁ። እጃችሁን ዘይት አስነኩት። ቅቤውን መጨረሻ ላይ፣ ጥቂት በጥቂት አስገቡ፤ ቀድሞ ዱቄቱን ከለበሰው ሊጡን የሚያስተሳስረው ግሉተን እንደልቡ አይያያዝም። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ካሻችሁ በኋላ የሎሚ ያህል ቆርሳችሁ በጣቶቻችሁ ቀስ እያላችሁ ዘርጉት። ሳይቀደድ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ በቅቷል። ከተቀደደ አምስት ደቂቃ ጨምሩለት።

በኩባያ መለካትም ወደዚሁ ችግር ይወስዳል። ተነፍቶ የተቀዳና ተጠቅጥቆ የተሞላ አንድ ኩባያ ዱቄት በ30 ግራም ሊለያዩ ይችላሉ። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ብትገዙ ይሻላችኋል።

የፈላ ወተት እርሾው ላይ ማፍሰስ

እርሾ ከ55 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይሞታል፤ ከ35 እስከ 38 ይበቃዋል። ክንዳችሁ ላይ ጠብ ስታደርጉት ካላቃጠለም ካልቀዘቀዘም ልክ ነው። የሰፈር ወተት ከሆነ ግን መጀመሪያ አፍሉትና አቀዝቅዙት፤ ለጤና ብቻ ሳይሆን፣ ባልፈላ ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሊጡን ስለሚያላላው ጭምር።

የአዲስ አበባን ከፍታ መርሳት

ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው አሠራሮች በአብዛኛው ዝቅ ባለ ቦታ ለሚኖር ሰው የተጻፉ ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይሰፋል። «አንድ ሰዓት ተኩል ይቆይ» የተባለው ከዚያ ብዙ ቀድሞ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሰዓት አምኖ የጠበቀ ሰው ዳቦው ኦቨን ውስጥ ሲሟሽሽና ላዩ ሲሸበሸብ ያያል። እዚህ እርሾውን ወደ 5 ግራም ቀንሱት። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ግን 7ቱን ግራም አትንኩት።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ብርዱ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ በሰዓት ሳይሆን በጣት ፈትኑት። ዳቦዎቹ ቅርጽ ይዘው ለሁለተኛ ጊዜ ኩፍ ሲሉ ጎናቸውን በዱቄት በነካ ጣት ጫን በሉት። ወዲያው ከተመለሰ ይቀረዋል። ቀስ ብሎ ከተመለሰና ትንሽ ምልክት ከቀረ ይግባ። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ አየሩን አውጥታችሁ እንደገና ቅርጽ ስጡት እንጂ አትጋግሩት። ኦቨኑን ልታሞቁ ስትሉ መብራት ከሄደ ሊጡን ሸፍናችሁ ከነትሪው ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ፍሪጁ ቢጠፋም በውስጡ ያለው ቅዝቃዜ ጊዜ ይገዛላችኋል።

ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቅርጽና ቦታ መስጠት

የበርገሩን 90 ግራም ሊጥ አድቦልቡላችሁ በመዳፍ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ አለበለዚያ ወደ ላይ ብቻ ያብጥና አፍ አይገባም። በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ተዉ። የሆት ዶጉ ግን መቀራረብ ይወዳል። 75 ግራሙን በቋሊማው ርዝመት ልክ ዘርግታችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ መጋጠሚያውን ቆንጥጣችሁ ወደ ታች አድርጉት፣ ጎን ለጎንም በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ደርድሩት። ኩፍ ሲሉ ተደጋግፈው ወደ ላይ ያድጋሉ፣ ጎናቸውም ለስላሳ ይሆናል።

በዝቅተኛ እሳት ብዙ ማቆየት

እንዳያር ተብሎ በ150 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት የቆየ ዳቦ ይደርቃል። ኦቨኑን በደንብ አሙቃችሁ በ190 ዲግሪ ከ14 እስከ 16 ደቂቃ ጋግሩት። የኦቨን ቁጥር ስለሚዋሽ የመጀመሪያውን ዙር ከአጠገቡ አትራቁ። እንቁላል ስትቀቡ ወደ ታች እንዳይወርድ ተጠንቀቁ፤ ከትሪው ጋር ያጣብቀዋል። ሰሊጡን ወዲያው በትኑበት።

በጾም ወቅት ወተቱን ብቻ በውሃ መተካት

እንቁላሉና ቅቤው ሲወጡ ልስላሴውም አብሮ ይሄዳል። በወተቱ ፋንታ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በቅቤው ፋንታ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጉና 100 ግራም የተቀቀለና በደንብ የተፈጨ ድንች ጨምሩበት። ድንቹ እርጥበት ስለሚይዝ በማግስቱም ይለሰልሳል፤ እኔ በፍስክም ይህንኑ እመርጣለሁ። ላዩ እንዲያብረቀርቅ ከኦቨን እንደወጣ በሙቅ ውሃ የሟሟ ስኳር ቀቡት።

ትኩሱን መቁረጥና ፍሪጅ ማስገባት

ከትሪው አንስታችሁ ንፋስ የሚያገኝበት ላይ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ ትኩሱ ሲቆረጥ ውስጡ ሊጥ ሊጥ ይላል። በፌስታል የሚታሰረው ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ዳቦ ከውጭ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፤ በሁለት ቀን ውስጥ የማይበላውን በዚያው ቀን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ስትፈልጉ ውጭ አቅልጡት፣ ከፍላችሁ የተቆረጠውን ጎን ቅቤ ወይም ዘይት ቀቡና በጋለ መጥበሻ አንድ ደቂቃ ያህል ጠበስ አድርጉት፤ ያኔ ስጎው ዳቦውን አያርሰውም።