ክትባትም እርዳታም ሲመጣ ስማችሁ እንዲገኝ፦ ለጎንደር ነዋሪ

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ መሰጠት የጀመረው ደግሞ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013። በእነዚያ ዓመታት አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል። ክትባቱም፣ ዱቄቱም፣ ዘይቱም የሚደርሰው መዝገብ ላይ ላለ ሰው ነው። በጣም የተቸገረው ቀድሞ ያገኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ስሙ ያለው ነው የሚያገኘው።

ይህን የምጽፈው በአንዲት ጎረቤቴ ምክንያት ነው። እማማ ነው የምንላቸው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ጠላ እየጠመቁ የሚኖሩ ብቸኛ ሴት ናቸው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ጠላ ቤት የሚገባ ሰው ጠፋ፣ ገቢያቸውም ወዲያው ደረቀ። ከዚያ ማዕድ ማጋራት ተብሎ ዱቄትና ዘይት ሲከፋፈል የእሳቸው ስም የለም። መታወቂያቸው ጊዜው አልፎበታል። ሊያሳድሱ ሲሄዱ ደግሞ ከድሮ ቀበሌዎ መሸኛ ያምጡ ተባሉ። መኪናው ግማሽ ሰው እየጫነ ታሪፉ እጥፍ በሆነበት ሰሞን ነው ይህ የሆነው! እንደዚያ ሆነው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳያቸው ያደረብኝ ሐዘን እስካሁን አልወጣልኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ያነሳው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። ስለዚህ አሁን ፋታ አለን። የሚከተለውን በዚህ ፋታ ሥሩት።

1. ወረቀቱን ዛሬ ጨርሱ

የቀበሌ መታወቂያችሁን አውጡና ቀኑን እዩት። ካለፈበት ነገ አሳድሱ። ከሌላ ቦታ መጥታችሁ ጎንደር የተቀመጣችሁ ከሆነ መሸኛውን አምጡ፤ ከደንቢያም ይሁን ከአርማጭሆ ወይም ከዳባት፣ መንገዱ ደህና በሆነበት ቀን ሂዱና አስጽፉ። መሸኛ የሚናቅ ወረቀት ይመስላል፣ ግን እሱ ከሌለ አዲሱ ቀበሌ ነዋሪ አድርጎ አይቆጥራችሁም፣ ድሮ የነበራችሁበት ደግሞ ሄደዋል ብሎ ሰርዟችሁ ይሆናል። መሐል ላይ መቅረት ማለት ይኼ ነው።

ተከራዮች በተለይ ልብ በሉ። የቤት ባለቤቱ ስም በቤት ቁጥሩ ተመዝግቦ የእናንተ ላይኖር ይችላል። አከራያችሁን ይዛችሁ ሂዱና በዚያው ቤት ቁጥር አስመዝግቡ። አንዳንድ አከራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። አትጣሉት፣ አስረዱት፣ ካልሆነም በዕድር ሽማግሌ በኩል አነጋግሩት። በ2012ቱ አዋጅ ጊዜ አከራይ ተከራይን ከቤት ማስወጣትም ሆነ ኪራይ መጨመር በአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ ተከልክሎ ነበር። ግን ተከራይ መሆኑን የሚያሳይ ምንም ወረቀት የሌለው ሰው ያንን መብት በምን ይጠይቃል? ስለዚህ ተራም ቢሆን የኪራይ ውል ይኑራችሁ። ሁለት ምስክር ይፈርምበት።

ፋይዳም፣ ማለትም ብሔራዊ መታወቂያውን፣ አውጡ። ምዝገባው በነጻ ነው። የጣት አሻራና የዓይን አሻራ ይወሰዳል፣ ፎቶ ይነሳል። ምንም ማስረጃ የሌለው ሰው ደግሞ በምስክር መመዝገብ ይችላል። ለእማማ ዓይነት ሰው ይህ ትልቅ በር ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች እጃቸው በሥራ ብዛት ስለተላጠ አሻራው አልነሳ ሊል ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ እንዳትበሳጩ፣ እጃቸውን ታጥበው እንደገና ይሞክሩ።

2. የጤና ኤክስቴንሽኗን እወቋት

ጎንደር ስድስት ክፍለ ከተሞች አሏት፦ አራዳ፣ ፋሲል፣ ዞብል፣ ጃንተከል፣ ማራኪና አዘዞ ጠዳ። የትኛው ውስጥ እንዳላችሁና የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚያገለግላችሁ እወቁ። ብዙ ሰው ጤና ሲነሳ የሚያስበው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉን ብቻ ነው። አይፈረድበትም፤ የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1940ዎቹ ከተቋቋመ ጀምሮ አገር የሚኮራበት ቦታ ነው። ግን የክትባት ዘመቻ ቤት ለቤት የሚመጣው በጤና ጣቢያና በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ነው። ማን የአልጋ ቁራኛ እንደሆነ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ማን ስኳር እንዳለበት መዝግባ የምትይዘው እሷ ናት። ስልኳን ያዙ። ቡና ስታፈሉ ጥሯት። ግቢያችሁ ውስጥ አቅመ ደካማ ካለ በስም ንገሯትና ስትጽፈው አይታችሁ ተመለሱ።

3. ክትባቱ ሲመጣ

በ2013 ክትባቱ ቀድሞ የደረሰው የጤና ባለሙያዎችን ነው፣ ቀጥሎ ዕድሜያቸው የገፉትንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን። በኋላ ነው ለሌላው የተከፈተው። ወደፊትም ተራው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ስኳር፣ ግፊት፣ አስም ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው የክትትል ካርዱን ይዞ ይሂድ። ወረቀቱ ከአፉ በላይ ያስረዳለታል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ያበሳጨውን ነገር ልንገራችሁ። «ሰው አልሞላም፣ ነገ ኑ» ይባል ነበር። ክፋት መስሎን ተቆጥተናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አስትራዜኔካ የሚባለው ክትባት የሚመጣው አሥር ሰው በሚከትብ ብልቃጥ ነበር፣ የጆንሰን ደግሞ አምስት ሰው በሚከትብ። አንዴ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ የተረፈው ይደፋል። ነርሷ ለሁለት ሰው ብላ የአሥሩን ብልቃጥ ብትከፍት ስምንት ሰው የሚከትበው መሬት ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። መፍትሔው በእጃችን ነው፦ ብቻችሁን አትሂዱ። ከዕድራችሁ ወይም ከግቢያችሁ አሥር ሰው ሰብስቡና አንድ ላይ ሂዱ። እኛ እማማን ያስከተብነው በዚህ መንገድ ነው። አሥር ሆነን፣ አሮጊቶቹን በባጃጅ፣ ሌሎቻችን በእግር። ማንም ነገ ኑ አላለንም።

ቀኑን ስትመርጡ ቅዳሜን ተዉት፣ ገበያ ነው፤ በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም ደግሞ እናቶች ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ጠዋት ሂዱ። እጀ ጠባብ ቀሚስ ያደረገች እናት ክንዷን ለማውጣት ትቸገራለች፣ ልቅ ያለ እጅጌ ልበሱ፣ ነጠላው ለመከለል ይበቃል። ከዚህ በፊት መርፌ ወይም መድኃኒት አስቸግሯችሁ የሚያውቅ ከሆነ ለነርሷ ቀድማችሁ ተናገሩ። ከተከተባችሁ በኋላ 15 ደቂቃ እዚያው ተቀመጡ፣ አለርጂ ያለበት 30። ክንድ ማመሙና ለአንድ ሁለት ቀን ማተኮሱ የሚጠበቅ ነው። ትንፋሽ ማጠር ወይም ፊት ማበጥ ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ።

ክትባቱ በነጻ ነው። ወረፋ አስቀድምላችኋለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ተናገሩ።

ካርዱን እንደ ብር ያዙት። የተከተባችሁት ዓይነት ይጻፍበት፣ ምክንያቱም ጆንሰን አንዴ ይበቃ ነበር፣ ሲኖፋርም በሦስት በአራት ሳምንት ይደገም ነበር፣ አስትራዜኔካ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠብቅ ነበር። የቀጠሮው ቀን በፈረንጅ ከተጻፈ እዚያው ነርሷን በእኛ አቆጣጠር አስጽፉት። የእማማ ካርድ ላይ የነበረው የፈረንጅ ቀን ነበርና ልናሳልፈው ምንም አልቀረንም ነበር። በስልክ ፎቶ አንሱት።

ጸበል እየተጠመቁ ክትባት የሚፈሩ እናቶች አሉ። አትከራከሯቸው። እኔ እማማን ያልኳቸው «እማማ፣ ጸበሉንም አይተዉ፣ እኔም አብሬዎት እከተባለሁ» ብቻ ነው። አብሮ ሄዶ መጀመሪያ ክንድን መስጠት ከብዙ ወሬ ይበልጣል። የሰማችሁትን ወሬ ለማጣራት ደግሞ 8335 በነጻ ይደወል ነበር፣ የጤና ሚኒስቴር 952ም አለ።

4. ሴፍቲኔትና ጤና መድህን

በ2012 የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም የተቸገረን ሰው እያሠራ ወይም በቀጥታ የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የነበረው በ11 ከተሞች ብቻ ነው። ከክልላችን ደሴ ነበረች፣ ጎንደር አልነበረችም። በዚያ መዝገብ ላይ የነበሩ ሰዎች ወረርሽኙ ሲመጣ ሥራው ቀርቶላቸው የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲያገኙ ተደረገ። ያው ችግር፣ ያው ድህነት፣ ልዩነቱ መዝገቡ ነው። በኋላ ፕሮግራሙ ሲሰፋ ጎንደርም ገብታለች፣ ስለዚህ ምዝገባ መኖሩን ቀበሌያችሁን ጠይቁ። መሥራት የሚችል በአካባቢ ልማት እየሠራ ይከፈለዋል፣ ከክፍያውም የተወሰነው በስሙ ይቆጠባል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ አካል ጉዳተኛና መሥራት የማይችሉ ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ። የሚመርጠው የአካባቢው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የሚያየው ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ነው። ልየታ፣ ማለትም ተጠቃሚ መምረጡ፣ ሊጀመር ነው ሲባል ስብሰባው ላይ ተገኙ። ራሳቸው መምጣት ለማይችሉት የእነሱን ስም አንሱ። እኔ በስብሰባ መናገር የማልወድ ሰው ነኝ፣ ግን ለእማማ እጄን አውጥቻለሁ።

ጤና መድህኑን ደግሞ ምዝገባው ሲከፈት እንዳያመልጣችሁ፣ በየዓመቱ መታደስ አለበት። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መንግሥት ይከፍላል፣ እሱም በልየታ ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ መድህኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል።

5. ስማችሁ ከሌለ

የተመረጡት ሰዎች ስም ዝርዝር ለሕዝብ ይለጠፋል። ሂዱና አንብቡ፣ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት። ከሌላችሁ በቃል አትጩኹ፣ በጽሑፍ አቤት በሉ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትኖሩ፣ ስንት ሰው እንደምታስተዳድሩ፣ ገቢያችሁ ምን እንደሆነና የሦስት ጎረቤት ፊርማ። የዕድር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካያያዛችሁ በጣም ይረዳል። ሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱ ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ። ያቺ ፊርማ ያለባት ኮፒ ናት ዋስትናችሁ፣ ምክንያቱም ባለሙያው ይቀየራል፣ ወረቀቱም ይጠፋል። ቀበሌው ዝም ካለ ያንኑ ኮፒ ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማ ሂዱ።

ማንም የቴሌብር የምሥጢር ቁጥራችሁን ለእርዳታ ብሎ አይጠይቅም። ከጠየቀ ሌባ ነው።

የእማማ ጉዳይ በዚህ መንገድ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የዕድራችን ደብዳቤና የሦስት ጎረቤት ፊርማ ይዘን ነው የገባነው፣ መሸኛው በኋላ ደረሰ። መታወቂያቸው አሁን ታድሷል፣ የክትባት ካርዳቸውም ከሱ ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ከሙዳያቸው ውስጥ ይኖራል። የት እንዳለ ለእኔም አሳይተውኛል።