ካውንተር 1.6 ላይ ሽጉጥና ቢላን በአግባቡ ለመጠቀም

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ማታ ላፕቶፕ ይዘን ስንሰበሰብ አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌላው ሰርቨር ያስነሳል፣ ከዚያ ካውንተር ስትራይክ 1.6 ነው። በፈረንጆቹ 2003 የወጣ ጌም ቢሆንም እስካሁን የሚተካው አላገኘንም። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሠራል፣ መብራት ቢሄድም ባትሪ እስካለ ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል።

አዲስ የሚመጡ ልጆች ላይ ግን ሁልጊዜ የማየው አንድ ነገር አለ። ልባቸው ያለው ትልልቆቹ ጠመንጃዎች፣ ክላሽና ኤም ፎር ላይ ነው። ሽጉጡን ዞር ብለው አያዩትም፣ ቢላውን የሚያወጡት ለመሮጥ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ ሊያሸንፉት የሚችሉትን ራውንድ (ዙር) በየቀኑ ይሰጣሉ። ስለዚህ ጎበዝ፣ ዛሬ ስለነዚህ ሁለቱ እናውራ።

መጀመሪያ ሴቲንጉን አስተካክል

ኪቦርዱ ላይ 1 ዋናው መሣሪያ ነው፣ 2 ሽጉጥ፣ 3 ቢላ። ኪው ደግሞ ቅድም ይዘኸው ወደነበረው ይመልስሃል። ችግሩ፣ ጌሙ እንደመጣ ከተውከው 2ን ስትጫን መጀመሪያ ዝርዝር ያሳይህና ክሊክ እስክታደርግ ይጠብቃል። ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ፣ ኪቦርድ ከሚለው ሥር አድቫንስድን ክፈትና ፋስት ዌፐን ስዊች የሚለው ላይ ምልክት አድርግ። ከዚያ በኋላ 2 ስትጫን ሽጉጡ ወዲያው ይወጣል። ይህን ሳታደርግ የቀረውን ባታነበውም ይሻላል፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በፍጥነት በመቀየር ላይ የቆመ ነው።

ማውስ ከሌለህና በተችፓድ የምትጫወት ከሆነ (ዶርም ውስጥ ብዙ ልጅ እንዲህ ነው) ዌፐን ስፔሻል ፈንክሽን የሚለውን ለእጅህ ወደሚቀርብ ቁልፍ አዙረው። ይሄ የቀኝ ክሊኩ ሥራ ነው፤ በሽጉጡም በቢላውም በጣም ትፈልገዋለህ።

ሪሎድ አታድርግ፣ ቀይር

ከሁሉም በላይ ጠቃሚው ይሄ ነው። ክላሽ 30 ጥይት ይይዛል። ካዝና ለመቀየር (ሪሎድ ለማድረግ) ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፣ ኤም ፎር ደግሞ ሦስት ሰከንድ ያህል። ሽጉጥ ለማውጣት ግን አንድ ሰከንድ አይሞላም። ፊት ለፊትህ ያለው ሰው ቆስሎ፣ አንተም ጥይት ጨርሰህ ከሆነ፣ ሪሎድ ማለት ቆሞ ሞትን መጠበቅ ነው። 2ን ተጫን፣ ሁለት ሦስት ጥይት ልቀቅ፣ አለቀ። እኛ ጋ አንዱ ክላሹን ባዶ ሲያደርግ ከኋላ ሆኖ የሚያየው ሁሉ «ቀይር! ቀይር!» ብሎ ይጮኻል፤ ያ ጩኸት ነው እጃችንን ያሠለጠነው።

ስናይፐር የምትይዝ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይመለከትሃል። አንድ ተኩሰህ ከሳትክና ሰውየው እየቀረበህ ከሆነ ሁለተኛውን በስናይፐር ለመሞከር አትጓጓ። በቅርብ ርቀት ሽጉጥ ይሻልሃል።

የመጀመሪያው ራውንድ

ሁሉም ሰው 800 ዶላር ይዞ ነው የሚጀምረው። ኬቭላር (ጥይት መከላከያ ልብስ) 650 ነው። ኬቭላር ከነሄልሜቱ 1000 ስለሆነ በዚህ ራውንድ ማንም ሄልሜት ሊገዛ አይችልም፤ የሁሉም ሰው ጭንቅላት ባዶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ደረት ላይ ጥይት አትጨርስ፣ ወደ ራስ አነጣጥር። ዩኤስፒ የሚባለው ሽጉጥ ከቅርብም ከመካከለኛም ርቀት ራስ ላይ ካገኘ በአንድ ጥይት ይጥላል። ሌላው ሽጉጥ ግሎክ ደካማ ነው፣ ትንሽ ከራቀ ራስ ላይ አግኝቶም ላይገድል ይችላል።

ከዚህ ተነስተህ የት እንደምትዋጋ ምረጥ። ዩኤስፒው ያለው ሲቲ (ቦምብ የሚያከሽፈው ፀረ ሽብር ቡድን) እጅ ነው፣ ስለዚህ ሲቲ ከሆንክ ርቀትህን ጠብቅ። ደስት 2 የሚባለው ማፕ (የመጫወቻ ቦታ) ላይ ከሆናችሁ ሎንግ በሚባለው ረጅም መንገድ ላይ ራቅ ብለህ ቁም፣ ቀስ ብለህ አንድ በአንድ ተኩስ። ደጋግመህ በፈጠንክ ቁጥር ጥይቱ ይበታተናል፤ ቁጢጥ ስትል ደግሞ ይሰበሰባል። ዩኤስፒ 12 ጥይት ብቻ ስለሚይዝም ቁጥሩን በልብህ ያዝ። በቀኝ ክሊክ ሳይለንሰር (ድምፅ ማፈኛ) ይገጠምለታል፣ ጉልበቱ ትንሽ ቢቀንስም የመጣህበት አቅጣጫ በቀላሉ አይለይም። ግን መግጠሙ ጊዜ ስለሚወስድ ራውንዱ እንደጀመረ፣ ጠላት ሳይደርስ ጨርሰው። ሰው ፊት ላይ ሳይለንሰር ሲጠመዝዙ የሚሞቱ ልጆች ያሳዝኑኛል።

ቴሮሪስት (ቦምብ የሚያጠምደው ቡድን) ከሆንክና ግሎክ ከያዝክ በተቃራኒው ቅረብ። 20 ጥይት አለህ። ቀኝ ክሊክ ስትጫን ሦስት ሦስት እያደረገ የሚተኩስበት ሞድ አለው፤ ያ ሞድ ለቅርብ ነው፣ ለሩቅ አይረባም። ደስት 2 ላይ ቢ ታነል በሚባለው ዋሻ ውስጥ አራት አምስት ሆናችሁ ተያይዛችሁ ብትወጡ ሲቲው አንድ ሁለቱን ይጥላል እንጂ ሁላችሁንም አይችላችሁም። አንድ አንድ እያላችሁ ከወጣችሁ ግን ተለቅማችሁ ታልቃላችሁ።

ዴዘርት ኢግል

ይህ ሽጉጥ 650 ዶላር ነው፣ 7 ጥይት ይይዛል። ኪቦርዱ ላይ ቢ፣ 1፣ 4 ብለህ ትገዛዋለህ። አብረውት የሚመጡት ግን እነዚያው 7ቱ ብቻ ናቸው። የነጥብ ቁልፏን እየተጫንክ ትርፍ ጥይት ካልገዛህ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። አንዱ ካዝና 40 ዶላር ነው።

ይህ ሽጉጥ ሄልሜት ያደረገን ሰውም ራስ ላይ ካገኘው በአንድ ጥይት ይጥለዋል። ግሎክም ዩኤስፒም ይህን አይችሉም። ለዚህ ነው ገንዘብ በሌለበት ራውንድ የሚገዛው። የመጀመሪያውን ራውንድ ኬቭላር ገዝተህ ማንንም ሳትገድል ከተሸነፍክ 150 ይቀርሃል፣ የሽንፈቱ 1400 ሲጨመርበት 1550 ይሆናል። ክላሽ 2500 ነው፣ አይደረስበትም። በዚህ ጊዜ ርካሽ ነገር ሰብስበህ ኪስህን ከምታራግፍ ዴዘርት ይዘህ ጥግ ላይ ጠብቅ። አንድ ሰው ከጣልክ መሣሪያው ያንተ ነው፣ በሱ ትቀጥላለህ። አተኳኮሱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ቁም፣ ተኩስ፣ ሽጉጡ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጠብቅ፣ ድገም። እየሮጥክ በላይ በላዩ ብትተኩስ ሰባቱም ግድግዳ ላይ ነው የሚያልቁት።

ሌላው ጥቅሙ እንጨት ይበሳል። የደስት 2 የመሀሉ በር ላይ ከኋላው ሰው እንዳለ ከሰማህ በሩን ብለህ ተኩስ።

ቢላ

አዲሶቹን ቨርዥኖች የለመዱ ልጆች አንድ ነገር እዚህ ይዘው ይመጣሉ፤ ቢላ ሲይዙ ከሽጉጥ ይበልጥ እንደሚሮጡ ያስባሉ። እነዚያ ላይ እውነት ነው። 1.6 ላይ ግን ሽጉጥም ቢላም ፍጥነታቸው በጌሙ መለኪያ እኩል 250 ነው። ክላሽ 221 ነው፣ ኤም ፎር 230። ስለዚህ ለመፍጠን ብለህ ክላሹን ካስቀመጥክ ሽጉጡን አውጣ። እኩል ትሮጣለህ፣ ድንገት ሰው ቢገጥምህ ደግሞ የምትተኩሰው አለህ። በቢላ እየሮጡ ታነል ውስጥ መግባት ምንም ትርፍ የለውም።

ታዲያ ቢላ መቼ ነው? አንደኛ፣ ጀርባውን የሰጠህ ሰው ስታገኝ። ቀኝ ክሊክ ከጀርባ 195 ይጎዳል፣ ሙሉ ጤና ያለውንም በአንዴ ይገድላል። ሺፍትን ይዘህ ቀስ ብለህ ቅረብ፣ ቢላ ስለያዝክ ኮቴህ አይጠፋም፤ ሮጠህ ከመጣህ ይሰማሃል። ልብ በል፣ ከጎን ሆነህ ብትወጋው የጀርባ አይቆጠርልህም። ትከሻው ላይ ሳይሆን ቀጥ ብለህ ከኋላው ሁን።

ሁለተኛ፣ ቢላ ለቢላ ሲሆን። እዚህ ላይ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ግራ ክሊክ ርዝመቱ ከቀኝ ክሊክ ይበልጣል፤ በጌሙ መለኪያ 48 ለ32 ነው። ጉዳቱ ግን 15 ወይም 20 ብቻ ነው፣ ቀኙ ደግሞ ከፊት 65። ቀኝ ክሊክ ከሳተ እንደገና እስኪመታ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ጨዋታው በሙሉ እዚያች ሰከንድ ውስጥ ነው ያለው። 35 ጤና በሚሰጠው የቢላ ማፕ ላይ አንድ ቀኝ ክሊክ ያገኘ ጨረሰ። ስለዚህ ቀድመህ አትወጋ። ወደፊት አንድ እርምጃ ብለህ ወዲያው ተመለስ፣ ደንግጦ ይወጋል፣ ይስታል፤ ያኔ ግባና ቀኝህን ተጫን። እሱ ካልተታለለ በግራ ክሊክ ከርቀቱ ጫፍ እየነካካህ አድክመው፣ ሁለት ወይም ሦስት ካገኘኸው ወደቀ። ማውሱን ራሱ ላይ አድርግ እንጂ እግሩን አትይ።

በመጨረሻ አንድ ለአንድ ስትቀሩ ሰውየው ቢላ አውጥቶ እንድትገጥመው ሊጠራህ ይችላል። በኛ ክፍል የጠራህን ሰው መተኮስ ነውር ነው፣ እኔም አላደርገውም። ቦምብ ተጠምዶ ከሆነ ግን 45 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው፤ ሲቲ ከሆንክ ግብዣውን ተወውና ሄደህ ቦምቡን አክሽፍ፣ በቢላው በሚቀጥለው ራውንድ ትገናኛላችሁ።